በፊውዝ ፈንታ ሽቦ

በታይዋን፣ ጂያዪ ከተማ የሚኖረው ጂንፋ ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፤ እሑድ እሑድ ወንዝ ዳር ወርዶ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲያበር ግን ልጅ ነው። የአውሮፕላኖቹ ባትሪ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ይደክማል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ሶኬት ከየት ይመጣል? ስለዚህ የመኪና ባትሪና ቻርጀር በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ገጥሞ፣ እጀታ አበጅቶለት፣ ይዞት የሚዞር የኃይል ምንጭ ሠራ። ሥራው ያምር ነበር፤ ችግሩ ፊውዙ ቶሎ ቶሎ መቃጠሉ ነው። ጂንፋ ሰለቸውና ፊውዙን አውጥቶ በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠመዘዘበት።

እናቱ ሱሜይ ሃያ ሁለት ዓመት በራዲዮ ፋብሪካ ሲበይዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ሣጥኑን ከፍተው አዩት።

«ፊውዙ የት ሄደ?»

«ፈሪ ነው እማዬ፤ ትንሽ ነገር ሲነካው ይሞታል።»

«ሥራው መሞት ነው እኮ! እሱ ካልሞተ ማን እንዲሞት ፈልገህ ነው?»

«አይዞሽ፣ አረንጓዴዋን አስቀምጬበታለሁ» አለና ሳቀ። አረንጓዴዋ በአረንጓዴ ፓኬት የምትሸጥ የበቆሎ መክሰስ ናት። ስሟ «ጨዋ ሁን» ማለት ስለሆነ፣ ያገሩ ሰው እንዳይበላሽበት ከነፓኬቷ ማሽኑ ላይ ያስቀምጣታል።

«እሷንስ ለኔ ስጠኝ፣ ልብላት» አሉ እናቱ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ደረጃው ሥር ቻርጅ ላይ ትቶ ሙጫ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ቤቱ ይጨሳል። ደረጃው እሳት ሆኗል፤ እናቱ ፎቅ ላይ ናቸው፤ መስኮቱ ደግሞ እንደ ሰፈሩ መስኮት ሁሉ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። በፍርግርጉ መሀል የእናቱ ጣቶች ብቻ ይታያሉ። በጎረቤት መሰላል ወጥቶ «እማዬ! እማዬ!» እያለ ብረቱን በባዶ እጁ ይጎትት ጀመር። መዳፉ ተላጠ፣ ብረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። የእናቱ ጣቶች አንድ በአንድ ብረቱን ለቀቁ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፍርግርጉን ቆርጠው ሲያወጧቸው በሕይወት ያሉ አይመስሉም ነበር።

ሱሜይ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ዐይናቸውን ገለጡ። ሰፈሩ ግን ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ አሮጊቷ ቤት ውስጥ ለሞቱ አያቶች በቆመው መሠዊያ ላይ ዕጣን ለኩሰው ረስተው ነው ተባለ። ጂንፋ ይህን ሰምቶ አላስተባበለም።

ታናሽ እህቱ ሹዩን አልጋው ራስጌ ቆማ ታለቅሳለች። «ስንት ጊዜ ነገርኩሽ እናቴ፣ ዕጣኑን ተይው ብዬ! በቃ፣ ከዚህ ስትወጪ መጦሪያ ነው የምትገቢው። ጋሼን እኮ ልታስጨርሺው ነበር!»

ሱሜይ ጂንፋን አንድ ጊዜ አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ረስቼው ይሆናል» አሉ በሰለለ ድምፅ።

የዚያን ቀን ዕጣን አልለኮሱም። እሱም ያውቃል፤ ማወቁንም እሳቸው ያውቃሉ። ጂንፋ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አልረሳችም!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ! ፊውዙን አውጥቼ ሽቦ ያደረግሁ እኔ ነኝ። እየነገረችኝ ስቄባታለሁ!»

ሹዩን የእናቷን እጅ ያዘች።

«ምነው ዝም ብትል» አሉ እናቱ። «እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ። አንተ ገና ሰው ፊት የምትቆም ነህ።»

«ስምሽን አጥፍቼ ነው የምቆመው?» አለና በፋሻ የታሰረ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ።

በሳምንቱ ወንዝ ዳር ወርዶ ለጓደኞቹ ሁሉ የሆነውን ተናገረ። ከመካከላቸው ሦስቱ ቀስ ብለው የየራሳቸውን ሣጥን ከፈቱ፤ በሦስቱም ውስጥ በፊውዙ ቦታ ሽቦ ነበረ። ሱሜይ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ሳንባቸው ግን ደረጃ አያስወጣቸውም።

እናንተም ፊውዝ ሲቃጠልባችሁ ምክንያቱን ፈልጉ እንጂ በሽቦ አፉን አትዝጉት። ጥፋት ከደረሰ ደግሞ ጥፋታችሁን ለእናት አታሸክሙ። እናት አሻፈረኝ አትልም፤ ክፋቱም እሱ ነው።