ወደ ግራ ርገጪ

ሰርክ ጉደታን ፊት ለፊት «አንቺ» የሚላት ሰው ከጠፋ ከርሟል። ይህም ችግር ሆኖ ይወራል እንዴ ትሉ ይሆናል። እሷም ለማንም ተንፍሳው አታውቅም፤ የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጦ፣ ሰው አከበረኝ ብሎ ማልቀስ ያስቃል።

ነገሩ ግን እውነት ነው። አባቷ ከወለጋ መጥተው፣ በወንጌላዊነት ሲያገለግሉ ኖረው፣ እንጦጦ ሥር ፈረንሳይ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ሠርተው ነው ያለፉት። እናቷም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሏቸው። ወንድሟ አዳማ ነው የሚኖረው፤ እሱ በስልክ አንቺ ይላታል፣ ግን የሚደውለው በበዓል ነው፣ በዓል ደግሞ በየቀኑ አይመጣም። የቀረው የሰፈሩ ሰው ነበር። እሱም እሷ ከተመረጠች ወዲህ አንደበቱን ቀየረ። በዳዴዋ የሚያውቋት እናቶች ሳይቀሩ «እርስዎ» ማለት ጀመሩ። ኧረ ተዉ፣ እኔ ያችው ሰርክ ነኝ ብትል ማን ሰምቷት። የሹም ወግ ነው አሏት።

ስልኳ ከጠዋት ጀምሮ አያርፍም። ውሃ ከጠፋ ሰነበተ፣ የመንገድ መብራት ተቃጠለ፣ ቱቦ ፈነዳ፣ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ቀረ። ምሳ በላሽ ወይ የሚል ግን የለም። አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትገባ ግቢው ጭር ይላል። ሬዲዮ ትከፍታለች፣ ምን እንደተባለ ግን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

ከሰፈሩ በላይ፣ ከእንጦጦ የሚወርድ ፈፋ አለ። ቆሻሻ መኪናው ዳገቱን ስለማይወጣ ሰዉ ጥራጊውን ወደዚያ ይደፋል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያንን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ዓመት ሐምሌ ላይ የአሳየችን የጓሮ ግድግዳ ይዞባት ሄደ። አሳየች ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ጎርፉ እስኪያልፍ ልጆቿን አልጋ ላይ አቁማ ነው የጠበቀችው። ሰርክ ያን ቤት ካየች በኋላ ሌላ ማሰብ አቃታት። መኪናው እንዲወጣ መንገዱ ይጠረግ፣ ፈፋው ዳር እርከን ይሠራ፣ ሥሩ ሳር እንኳ የማያበቅለው ባሕር ዛፍ ተነስቶ ጽድና ወይራ ይተከል እያለች ቤት ለቤት መዞር ያዘች።

ዓምደ ሚካኤልን ያገኘችው በዚያው ዙረቷ ነው። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ዶፍ ነው። ሰርክ የዝናብ ልብሷን ቆብ እስከ ቅንድቧ ጎትታ፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ በፈፋው ጠርዝ ትሄዳለች።

«አንቺ!» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ እንዳትረግጪው። ወደ ግራ ርገጪ። እዚያ ጋ ያዳልጣል።»

ሰርክ የደነገጠችው በገደሉ አይደለም። እግሯን አንስታ እዚያው ተገትራ ቀረች። ሰውየው ጆሮዋ የማይሰማ መስሎት ፈፋውን ዘሎ መጣና እጇን ይዞ ወደ ግራ ሳባት። እጁ ሻካራና ሞቃት ነበር። ቀና ብላ ስታየው እሱም አያት፤ ሁለቱም ዝናቡን የረሱት ይመስሉ ነበር።

ስሟን ሲጠይቃት «ሰርክ» ብቻ አለችው። በዚህ ዝናብ ምን ፍለጋ እንደወጣች ሲጠይቃት ደግሞ ቆሻሻው የት የት እንደሚደፋ ለማየት ነው አለች፤ ከጽዳት ክፍል የመጣች መሰለው። እሱ ከአያቶቹ ጀምሮ እዚያው ዳገት ላይ የኖሩ ሰዎች ልጅ ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ከእናቱ ከእማማ ብዙነሽ ጋር፣ ፈፋው ዳር ያለውን ባሕር ዛፋቸውን እየቆረጠ አጣና ይሸጣል። ይህን ሁሉ ያወራት እስከ አስፋልቱ ሲሸኛት ነው። ቦቲዋ ውሃ ማስገባቱን አይቶ፣ እቤት ስትገቢ እግርሽን በሙቅ ውሃ ንከሪው ብሏት ተመለሰ። ሰርክ ቤቷ ገብታ እንዳላት አደረገች። እግሯን ነክራ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ማንነቷን የነገረችው ለሁለተኛ ጊዜ ሲገናኙ ነው። አሁን አንደበቱ ይለወጣል ብላ እየፈራች ነገረችው። እሱ ግን ከት ብሎ ሳቀ።

«ታዲያ ቆሻሻ መኪና መጣ፣ ደረሰ እያልሽ የምታስጠብቂን አንቺ ነሽ?»

ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል። እሁድ ከሰዓት የእንጦጦ ፓርክን አጥር ይዘው ይሄዳሉ፤ በሥራ ቀን ጉርድ ሾላ ከስብሰባ ስትወጣ ጠብቆ ሻይ ይጋብዛታል። ብዙ አያወሩም። እሱ ዝም ብሎ የሚያይበት ዐይን አለው፤ እሷ ብርጭቆዋን እያዞረች ታቀረቅራለች። ስትደውልለት «ሄሎ» አይልም፣ «አቤት»ም አይልም፤ «ወዬ» ነው የሚላት። አንዳንድ ቀን ጉዳይ ሳይኖራት ያቺን ወዬ ለመስማት ብቻ ትደውል ነበር። ሐሜቱም አልቀረም። ልጅዎ ከጴንጤ ጋር ታየ ሲሏቸው እማማ ብዙነሽ ፊታቸውን አጠቆሩ። ልጃቸው ግን እንዳልሰማ ሆነ።

ጥር ላይ የወረዳው ባለሙያዎች የፈፋውን ካርታ ይዘው መጡ። እርከኑ የሚያርፍበት ቦታ በቀይ ተሰምሯል። መስመሩ የእማማ ብዙነሽን ባሕር ዛፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይበላዋል። ሰርክ መስመሩን ሁለቴ በጣቷ ተከተለችው። ዓምደ ሚካኤል ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ብላ ራሷ ወጥታ፣ ዛፎቹ ሥር ድንጋይ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ነገረችው።

«አንቺ ካልሽ መስመሩ ትንሽ ፈቀቅ አይልም?» አላት።

«ይላል» አለችው። «ፈቀቅ ካለ ግን ጎርፉ ተመልሶ አሳየች ቤት ነው የሚገባው።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«እኔ አልችልም፣ ዓምዴ።»

ደግሞ አልጠየቃትም። ዛፎቹን ቀና ብሎ አያቸውና ሱሪውን አራግፎ ተነሳ። ሰርክም ተጣላን ይሁን አልተጣላን ሳታውቀው ብቻዋን ቁልቁል ወረደች።

በሳምንቱ ዕቅዱ ለነዋሪው ቀረበ። የወረዳው አዳራሽ ጢም ብሏል፤ ሰርክ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። አንዱ መንገዱ ይቅደም ይላል፣ ሌላው ውሃው ይቅደም ይላል። ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ዓምደ ሚካኤል ነው። ተነሳ፣ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«የተከበሩ ወይዘሪት ሰርክ፣ እርስዎ ይህን ሲያቅዱ በባሕር ዛፉ ለሚተዳደር ሰው ምን አስበዋል?»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚላትን ነው ያላት። ለእሷ ግን የመጨረሻው በር ሲዘጋ የሰማች ያህል ሆነባት። አለቀ አለች በሆድዋ፤ ይኸው በሰው ፊት እንደማያውቀኝ ነገረኝ። አንገቷን ደፍታ ወረቀቷን አስተካከለች። ምን ትበል? በየስብሰባው የለመደ አፏ የሚያውቀውን አለ።

«አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው። እንመለከተዋለን።»

ሰውየው በጥፊ የተመታ ያህል ክው አለ። አመሰግናለሁ ብሎ ተቀመጠ። ዕቅዱ ጸደቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ አሳየች እየሮጠች መጥታ አቀፈቻት። ሰርክ በአሳየች ትከሻ ላይ አሻግራ ስትፈልገው ወንበሩ ባዶ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለም። እሷም አልደወለችም። ስልኩን ታነሳለች፣ ስሙን ታያለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ደውላ «አቤት» ቢላትስ? ያን ከመስማት ዝም ብሎ መኖር ይሻላታል።

መጋቢት ላይ ዛፎቹ ተቆረጡ። ለሰው አልሰጥም ብሎ ራሱ ነው የቆረጣቸው አሉ። የመጋዙ ድምፅ እሷ ግቢ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ሰርክ ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ ከሰንዳፋ አጣና እያስጫነ ኮተቤ መንገድ ዳር ይሸጣል ሲባል ሰማች። አንድ ሁለቴ በታክሲ ስታልፍ አየችው፤ ከስቷል። ውረጂ ውረጂ የሚል ነገር ሆድዋ ውስጥ ተነሳ፣ ታክሲው ግን አልፏል፣ እሷም ወራጅ አለ አላለችም።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ከባዱ ዝናብ በወረደ ቀን ሰርክ ዣንጥላ ይዛ ፈፋው ዳር ቆመች። ጎርፉ እያጓራ መጣ፣ አዲስ የተሠራው እርከን ጋ ሲደርስ ረገብ አለ፣ ታጥፎ መንገዱን ይዞ ወረደ። አሳየች ቤት ጠብታ አልገባም። ሰርክ ከደስታዋ ብዛት ስልኳን አወጣች። ይህን የምትነግረው ሰው ግን በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? መስከረም በጠባ በሳምንቱ እማማ ብዙነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮዋ ድረስ መጡባት። መንገዱ ከተጠረገ ወዲህ ሽቅብ መውጣት ጀምሮ የነበረው ቆሻሻ መኪና ሰሞኑን ቀርቷል፤ እሱን ሊከሱ ነው። ሰርክ ተነስታ ተቀበለቻቸው፣ አቤቱታቸውን ጻፈች፣ ነገውኑ እንደምታስልክ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ግን አልተነሱም። ቁጭ ብለው ያይዋት ጀመር።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጄን ምን አድርገሽው ነው?»

ሰርክ አንቺ መባሏን እንኳ ልብ ሳትል፣ «እኔ ምን አደረግኋቸው?» አለች። «እሳቸው ናቸው እርስዎ ያሉኝ።»

«እሳቸው?» እማማ ብዙነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንቺ ቢልሽ ምን ሊባል ነው? ባሕር ዛፉን ሊያስተርፍ ከሹሟ ጋር ገጠመ አይሉም? ነገሩ ይበላሽባታል ብሎ ነው። ደግሞስ በእኛ ቤት አንቱታ መቼ የቁጣ ሆኖ ያውቃል? እኔ አባቱን እስክቀብራቸው ድረስ አንቱ ስላቸው ነው የኖርኩት። በእኛ ጊዜ ወደድኩህ ማለት ነውር ነበር፤ አንቱ ነበር የምንል።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አቶ ስትይው ነዋ። ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው ትይዋለሽ? ይኸው እራት ላቅርብ ወይ ባልኩት ቁጥር፣ ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው፣ እንመለከተዋለን እያለ ያቃጥለኛል።»

ሰርክ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ዛፉስ አለች። እማማ ብዙነሽ ዛፉ አንዴ ሄዷል፣ የአሳየች ልጆች ግን በዚህ ክረምት እንቅልፋቸውን ተኝተው ከረሙ አሏት። የሃይማኖቱን ነገር እግዜር ያውቃል አሉና፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። ልጃቸው ከሰዓት ከሰዓት ከኮተቤ ሲመለስ ፈፋው ዳር የተተከሉትን የጽድና የወይራ ችግኞች እንደሚኮተኩት የነገሯት በሩ ላይ ደርሰው ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

በማግሥቱ ሰርክ ዳገቱን ወጣች። ባሕር ዛፉ የነበረበት ቦታ ሰማይ በሰማይ ሆኗል። ችግኞቹ ገና ከጉልበት አላለፉም። ዓምደ ሚካኤል ከማዶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ጎንበስ ብሎ ይኮተኩታል። እሷ ያን ጊዜ እግሯን አንስታ የቀረችበት ቦታ ላይ ቆመች። ጭቃው ገና አልደረቀም።

ልትጠራው ፈለገች፣ በምን ትጥራው? ዓምዴ እንዳትል መብቱን ያጣች መሰላት። አቶ ከምትል ምላሷ ይቆረጥ።

«አንቱ» አለችው።

ጮክ አላለችም። መቆፈሪያው ግን ቆመ። እሱ ዞር አላለም፣ እንዳጎነበሰ ቆየ። ከታች ከሰፈሩ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ሰርክ አቤት እንዳይላት ነው የምትጸልየው።

«ወዬ» አለ።

እግሯን አነሳች። እሱም ያኔ ቀና ብሎ ዞረ፤ ዐይኑ ቀልቷል፣ እጁ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ያየው ፊቷን አይደለም፣ እግሯን ነው።

«ወደ ግራ ርገጪ» አላት። «እዚያ ጋ አሁንም ያዳልጣል።»

ሰርክ ወደ ግራ ረገጠች።