ኢንቦክሱ ላይ የቀረው ደብዳቤ

ዐፊፋ ሌላ አንድ ገጽ ሙሉ ኢሜይል ወደ አርካይቭ ስታስገባ ዝናቡ የኮምፒውተር ክፍሉን ቆርቆሮ መደብደብ ጀመረ። የትምህርት ቤቱ የንባብ ክበብ ጸሐፊ ሆና ከተመረጠች ገና ሳምንቷ ነው። መምህር ኤጀታ የክበቡን ኢሜይል የይለፍ ቃል ሲሰጧት፣ «ማስታወቂያው፣ የድሮው የስብሰባ ጥሪ፣ ሁሉም እላዩ ላይ ተከምሯል። አትሰርዢ፤ ወደ አርካይቭ ውሰጂው። ካስፈለገን ፈልገን እናገኘዋለን» ብለዋት ነበር።

ሥራው ደስ ብሏታል። ማውዙን በተጫነች ቁጥር አንድ መስመር ከፊቷ ይነሳል፤ ገጹም እየጠራ ይሄዳል።

ከታች በኩል አንድ ደብዳቤ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። መጻሕፍት የሚለግስ የአዲስ አበባ ማኅበር የላከው ነው። «ሁለት መቶ መጻሕፍት አሶሳ ድረስ እንልክላችኋለን። የምትፈልጉትን ዓይነት ጻፉልን» ይላል። ከመጣ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ከሥሩ የተጀመረ መልስ አለ፤ ግን አልተላከም።

የቀድሞዋ ጸሐፊ ፌቨን ባለፈው ስብሰባ ላይ «ልከናል፤ እነሱ ናቸው ዝም ያሉት» ስትል ዐፊፋ ራሷ ሰምታለች። ፌቨን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት።

ትንሽ ቆይቶ ፌቨን ከዝናቡ ሸሽታ ስትገባ ዐፊፋ ስክሪኑን አዞረችላት። ፌቨን አነበበችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አርካይቭ አድርጊው» አለች በቀስታ። «አይጠፋም። ግን ማንም አያየውም።»

«ለምን አልላክሽውም?»

«ነገ ነገ ስል ሳምንት ሆነ። ቲቸር ሲጠይቁኝ ‹ልኬዋለሁ› አልኩ፤ በዚያው ቀን ልልከው አስቤ። ከዚያ በኋላ መላኩ ራሱ አሳፈረኝ።»

«አምስት ሳምንት ግን።»

«አታካብጂው በቃ።»

የዐፊፋ ጣት ማውዙ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብትጫን ያልቃል። በክበቡ መደርደሪያ ላይ ግን ያሉት አሥራ አንድ መጻሕፍት ብቻ ናቸው፤ ለአንዱ ስድስት ልጆች ወረፋ ይዘዋል።

«ወላሂ፣ እኔ አልደብቀውም» አለች። «ለቲቸርም አልናገርብሽም። ራስሽ ንገሪያቸው። መልሱን አሁን አብረን እንጻፈው።»

ፌቨን መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ አየች። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና «ስለዘገየን ይቅርታ እንጠይቃለን» ብላ ጀመረች።

«ከክበቡ ልጆች ኦሊያድ ሁልጊዜ ስለ ጠፈር የሚያወራ መጽሐፍ ነው የሚጠይቀኝ» አለች ዐፊፋ።

«እሱን ጻፍኩት። ብሪቱ ደግሞ አስፈሪ ታሪክ።»

«ሁለት አስፈሪ በይ። እኔም እፈልጋለሁ።»

ፌቨን ሳቀች። ዝርዝሩ አሥር መስመር ሲሞላ ራሷ ላከችው።

«እምቢ ቢሉስ?» አለች።

«መልሳቸውን እንጠብቃ።»

ዝናቡ ሲያባራ ዐፊፋ የቀሩትን ማስታወቂያዎች ወደ አርካይቭ አስገባች። የማኅበሩን ደብዳቤ ግን አልነካችውም፤ መልስ እስኪመጣ ኢንቦክሱ ላይ ብቻውን ይቆይ ብላ ኮምፒውተሩን ዘጋች።

በማንጎው ዛፍ ሥር ጭቃውን እየዘለሉ ወደ መምህራን ክፍል ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ፌቨን ጫማዋን ሣሩ ላይ ጠረገችና አንኳኳች።

«ግቡ» አሉ መምህር ኤጀታ ከውስጥ።

ፌቨን ብቻዋን ገባች። የቤት መሄጃ ሰዓት አልፏል፤ ዐፊፋ ግን ቦርሳዋን በረንዳው ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች።