ከዳነች በኋላ

ክፍሉ በሙሉ በሒሳብ መምህሩ ቀልድ ስቆ ከጨረሰ በኋላ እሷ ሳቀች። ብቻዋን። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሬዲዮ፣ ኔትወርክ የለም እንዴ?» አለና ሌላ ሳቅ ተነሣ። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን በልኳ እንዳልተሰፋ ልብስ አልመች አላት።

ሬዲዮ የሚል ስም ያወጡላት አፏ አርፎ ስለማያውቅ ነበር። ዐሥረኛ ክፍል ስትገባ ግን ድባቴ ያዛት፤ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አሳለፈችው። በሕክምና ቀስ በቀስ ለቀቃት። እንቅልፏ ተመለሰ፤ ምግቡም ምግብ ምግብ ማለት ጀመረ። ሐኪሟ ሕመሙ እንደለቀቃት፣ ጉልበቷ ግን በአንድ ጀንበር እንደማይመለስ፣ መድኃኒቱንም እሱ ሳይላት እንዳታቋርጥ ነገራት። እናቷ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከክሊኒኩ ደጃፍ ሳይርቁ ለአክስቷ ደውላ «ልጄ ዳነችልኝ» እያለች አለቀሰች። እሷ አጠገቧ ቆማ ደስ ሊላት ሲገባ ፈራች። የዳነ ሰው ምን ሰበብ አለው?

ሰበብ ደግሞ ያስፈልጋት ነበር። አንዱን ገጽ ደጋግማ ታነበዋለች፤ ምን እንዳለ አትይዘውም። ስልክ ሲጠራ ልቧ ይደልቃል። ሰው ሲያወራት መልሱ የሚመጣላት ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

ይህን ጓደኛዋም አታውቅም። ቅጥነቷን አይተው ቀጮ የሚሏት ይህች ጓደኛዋ፣ እሷ ታማ በተኛችበት ጊዜ በየቅዳሜው እየመጣች፣ የሚያስገባት አጥታ በር ላይ ቆማ ተመልሳለች። ትምህርት ቤት ለጠየቃት ሁሉ «ታይፎይድ ነው» እያለች ሸፍናላታለች። ውለታው ከባድ ነበር። ስለዚህ የባዮሎጂ መምህርቷ ሁለቱን አጣምረው ስለ ልብ እንዲያቀርቡ ሲያዟቸው፣ ቀጮም እንደ ድሮው ሥዕሉን እኔ፣ ወሬውን አንቺ ስትላት፣ እምቢ የምትልበት አፍ አጣች።

ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ስትለማመድ ቃላቱ ነበሩ። ሰሌዳው ፊት ስትቆም ግን «ልብ አራት ክፍሎች አሉት» ብላ ቀጥ አለች። ክፍሉ ጠበቃት። የሆነ ሰው ወንበሩን አንቋቋ። እንባዋ ሳይቀድማት ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች። ቀጮ በቅጡ ያላጠናችውን ጽሑፍ እየተንተባተበች አንብባ ጨረሰችው።

በእረፍት ሰዓት ቀጮ ውሃ ቧንቧው አጠገብ አገኘቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የከፋውም እሱ ነበር።

«በር ላይ ስታስቆሚኝ ታማለች ብዬ ቻልኩት። አሁን ግን ድነሻል፤ እናትሽ ናት የነገረችኝ። እኔን ነው እንዴ የማትፈልጊው?»

መልሱ እንደ ልማዱ ዘገየ። ቀጮ ፊቷን አዙራ ልትሄድ ስትል እጅጌዋን ያዘቻት።

«ቆይ። መልሴ እስኪመጣ ጠብቂኝ።»

ቀጮ ቆመች። ደወል ተደወለ፤ ልጆች እየተጋፉ አለፏቸው፤ አሁንም ቆመች።

«ድኛለሁ» አለች በመጨረሻ። «መኖር አያስጠላኝም። ግን ከሰው ጋር መሆን እንዴት እንደነበር ጠፍቶብኛል። ቀልድ ሲወራ የቱ ጋ እንደሚሳቅ እንኳ አላውቅም። ያኔ በር ላይ ስትቆሚ ኮቴሽን እሰማ ነበር። መነሣት ነው ያቃተኝ።»

ቀጮ ወደ እሷ ዞረች። «ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበራ።»

ቀጮ አላቀፈቻትም፤ ምንም አይደል አላለቻትም። ቅሬታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። ወደ ክፍል ግን ጎን ለጎን ገቡ።

ትምህርት ሲያልቅ መምህርቷ አስቀሯት። ደግ ሴት ናቸው። መጨነቅ እንደሌለባት፣ ከእንግዲህ ሰው ፊት መቆሙ ይቅርባት ብለው እንዳሰቡ፣ ጽፋ ብታስረክባቸው ሙሉውን ማርክ እንደሚይዙላት በለሆሳስ ነገሯት። ከትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ዱብ ያለ መሰላት። እሺ ልትል ምንም አልቀራት። እሺ ካለች ነገም ሆነ ከነገ ወዲያ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ማንም ምንም የማይጠይቅበት ቦታ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከተኛችበት አልጋ ብዙም እንደማይርቅ አወቀች።

መምህርቷ ጠመኔያቸውን እየሰበሰቡ ጠበቋት።

«ቁጭ ብዬ፣ ከወረቀት እያነበብኩ ቢሆንስ?» አለች። «ስለ ደም ሥሮቹ ያለውን ብቻ። የቀረውን ቀጮ… ፈቃደኛ ከሆነች።»

መምህርቷ መቼ ብታቀርብ እንደሚሻላት ጠየቋት። ነገ ልትል አፏን ከፈተች፤ ጉልበቷን መዘነችና መልሳ ዘጋችው።

«ሐሙስ» አለች።

መምህርቷ ራሳቸውን በአዎንታ ነቅንቀው ፈቀዱላት። እሷም ቀጮ እሺ ትበል እምቢ ሳታውቅ፣ ልትጠይቃት ወደ ግቢው ወጣች።