ሚሹ አትሸጥም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የምጽፈው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ደግሞ በጨለማ የሆነ ነገር አይደለም። ሐሙስ ቀን ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጎረቤት ልብስ ያሰጣል፣ ውሻው ጥላ ሥር ተጋድሟል...

እንዲህ ባለ ሰዓት ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ሩክሳንድራ እባላለሁ። ከሮማኒያ ተነስተን ሜክሲኮ፣ ቾሉላ ከተማ የገባነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባሌ ዶሩ፣ እና የስድስት ዓመት ልጃችን ኢሊንካ። ዶሩ እዚህ መኪና መገጣጠሚያ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ነው። ድመታችን ሚሹ ብቻ ብራሾቭ ከተማ፣ እናቴ ጋ ቀረች። ኢሊንካ ለሚሹ ያለቀሰችውን ያህል ለአያቷ አላለቀሰችም።

አዲስ አገር መልመድ ማለት መጀመሪያ ጆሮን ማስለመድ ነው።

ጠዋት ደወል ሲያቃጭል የቆሻሻ መኪናው መጣ ማለት ነው። ሲሊንደር በብረት ሲደበደብ ጋዝ ሻጩ ነው። ውኃ ሻጩ ደግሞ በገዛ ጉሮሮው ይጮኻል። መጀመሪያ ሰሞን ጋዝ ሻጩ ሲመጣ የቆሻሻ ከረጢት ታቅፌ እየሮጥኩ ወጥቼ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስቄያለሁ።

ሐሙስ በአሥር ሰዓት የሚመጣው ግን ቁራሌው ነበር።

ነጭ አሮጌ ፒካፕ። ጣራው ላይ ድምፅ ማጉያ። ከማጉያው የሚወጣው የተቀዳ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነው፤ የሴት ልጅ።

«ፍራሽ... ምድጃ... ፍሪጅ... ልብስ ማጠቢያ... የሚሸጥ አሮጌ ብረት ያለው...»

ቀጭን፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምፅ። እያዜመች ነው የምትጠራው። መጨረሻው ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራታል።

ከመኪናው ኋላ ሁልጊዜ አንዲት አሮጊት በእግሯ ትከተላለች። ሰማያዊ ሻል ተከናንባ፣ አንድ እጇን የመኪናው የኋላ በር ላይ አሳርፋ። አትሸጥም፣ አትገዛም። ዝም ብላ ትከተላለች።

ዶኛ ቼሎን ጠየቅኳቸው። ከግቢያችን አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ ምላሳቸው የማያርፍ ጎረቤታችን ናቸው።

«እኚያ ሴትዮ ማን ናቸው?»

«ተያት ልጄ» አሉኝ። «እኔ ይህን ሱቅ ስከፍትም ትከተለው ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሳቸው አጭር መልስ ሰማሁ።

ያገሩን ወግ ያስተማሩኝም ዶኛ ቼሎ ናቸው። አንድ ቀን የጆሮ ጌጣቸውን አይቼ «እንዴት ያምራል!» አልኳቸው።

«ያንቺ ነው» አሉኝ።

እኔ ሆዬ እጄን ዘረጋሁ!

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዶኛ ቼሎ ሁለት ጆሯቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ኧረ ቀይዋ! ጆሮዬን ቆርጠሽ ልትወስጂ ነው እንዴ? ይባላል እንጂ አይወሰድም!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹በጥሩ እጅ ነው ያለው› ትያለሽ። ባለቤቱ ይሰጥሻል፣ አንቺ ትመልሽለታለሽ። ዕቃው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ወግ ነው፤ በቃ።»

ወደድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬንም ላደነቀ፣ ጫማዬንም ላደነቀ «የእርስዎ ነው» እላለሁ። ሁሉም ይመልሱልኛል። ያገሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ኢሊንካ ግን አልለመደችም።

ምግቡ ያቃጥላታል። ልጆቹ ቢጫ ፀጉሯን እየነካኩ ይስቁባታል። ትምህርት ቤት ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አስተማሪዋ «መናገር ትችላለች ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ያገሩን ቋንቋ የመጀመሪያዎቹን ቃላት የተማረችው... ከቁራሌው ማጉያ ነው።

«ፍራሽ... ምድጃ... ፍሪጅ...» እያለች ቤቱን ትዞራለች። መጨረሻው ላይ የራሷን ጨመረችበት።

«...ሚሹ አትሸጥም!»

ብላ ትንከተከታለች። እኔና ዶሩም አብረን እንስቃለን። ልጃችን ተናገረች! ከዚያ በላይ ምን እንፈልጋለን?

ያን ሐሙስ እሷና እኔ በሩ ላይ ቆመን ነበር። መኪናው መጣ። ኢሊንካ ከማጉያው እኩል ታዜማለች።

መኪናው ድንገት ቆመ።

ማጉያው ዝም አለ... እሷ ብቻዋን ቀጠለች።

ሾፌሩ ወረደ። ሽማግሌ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲጭን የሚውል ሰው እጁ ላይ የዝገት ምልክት እንኳ የለም።

«ይህ ድምፅ የማን ነው እመቤት?»

«የልጄ ነው።»

«እንዴት ያለ የሚያምር ድምፅ ነው!»

እናቴ ብትሆን ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። እኛ አገር ልጅ ሲደነቅ ዓይን እንዳይገባው «ቱ! ቱ!» ይባላል። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አፈርኩ። ይህን የመሰለ ጨዋ ሰው ፊት መትፋት? ኋላቀር እንዳልባል ፈራሁ።

በምትኩ ፈገግ ብዬ፣ አሳምሬ...

«የእርስዎ ነው» አልኩ።

እና ጠበቅኩ።

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ደረቱ ላይ አደረገው።

«አመሰግናለሁ» አለ።

ሌላ አልጨመረም። መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ።

አሮጊቷን አየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ጥብቅ አድርጋ። ምን ልትለኝ እንደፈለገች አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት ኢሊንካ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አፏን ከፈተች...

ምንም አልወጣም።

ሹክሹክታ እንኳ። ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋ ድምፅ የለውም።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ በባትሪ አየ፣ አንገቷን ዳበሰ፣ ራጅ አስነሳ። «ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው» አለን። «አገር መቀየር ለልጅ ከባድ ነው። ስትለምድ ይመለሳል።» ዶሩ አመነው። እኔም ማመን ፈልጌ ነበር።

ሐሙስ መጣ። አሥር ሰዓት።

«ፍራሽ... ምድጃ...»

ቆርቆሮው ድምፅ አይደለም። ጥርት ያለ ነው።

ዶሩ ኩባያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ሩክሳ... ይሄ...»

«ዝም በል። ስማ።»

«...የሚሸጥ አሮጌ ብረት ያለው... ሚሹ አትሸጥም!»

ከዚያ ሳቅ።

ኢሊንካ መስኮቱ ጋ ቆማለች። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

ዶሩ በባዶ እግሩ ወጥቶ ሮጠ። መኪናው በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው፤ አሮጊት እንኳ ትደርስበታለች። ዶሩ ግን አራት መንገድ አቋርጦ ሮጦ... አልደረሰበትም። እግሩ ደምቶ ተመለሰ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። «ምን ተወሰደባችሁ?» አለን ተረኛው። ነገርነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠና እኔን ሳይሆን ዶሩን አየው። «ባለቤትዎ እንቅልፍ ያስፈልጋታል» አለው።

ስንመለስ አሮጊቷ በራችን ላይ ቆማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናውን አልተከተለችም።

«የኔስ?» አለችኝ።

«ምን?»

«የኔን ልጅ የት አደረጋት?»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው።

«እኔም ‹የእርስዎ ነው› አልኩት። ማን የማይለው አለ? እሱ ግን አልመለሰልኝም። ልጄ ሳትናገር ሦስት ዓመት ኖረች። በዘጠኝ ዓመቷ ቀበርኳት። ድምፅዋን ግን አልቀበርኩም... በየሳምንቱ ይጠራል። ይኸው ሠላሳ ዓመት ተከተልኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁን ያንቺን ልጅ ብቻ ነው የሚያሰማው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ኖረች ያለችው ብቻ ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው።

መላውን የዘየዱልኝ ዶኛ ቼሎ ናቸው። ቀልዳቸው ሁሉ ጠፍቷል። የሱቁን በር ገርበብ አድርገው በሹክሹክታ ነገሩኝ።

«አድንቂበት።»

«ምኑን?»

«ድምፁን። ሰውየው ባርኔጣ የሚያወልቅ ነው፤ ወግ ያውቃል። ስታደንቂበት ‹የእርስዎ ነው› ማለቱ አይቀርም። ያኔ እንዳትመልሺለት! ‹አመሰግናለሁ› ብለሽ ሩጪ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ መንገዱ መሃል ቆሜ ጠበቅኩት።

መኪናው ጉልበቴ ጋ ደርሶ ቆመ። ከጣራው ላይ ልጄ ፍራሽ ትጠራለች፣ ምድጃ ትጠራለች... ጣራው ላይ ወጥቼ ማጉያውን በጥርሴ ብነቅለው በወደድኩ። ግን ፈገግ አልኩ።

«እንዴት ያለ የሚያምር ድምፅ ነው የያዙት!»

ረጅም ጊዜ አየኝ። እሱም ፈገግ አለ።

«የእርስዎ ነው እመቤት።»

«አመሰግናለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «አመሰግናለሁ! አመሰግናለሁ!» እያልኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። ከኋላዬ ማጉያው ፀጥ አለ። አስመለስኩት አልኩ። አምላኬን ጠራሁ።

«ኢሊንካ! የኔ ዓለም! ተናገሪ! በይ ተናገሪ!»

አፏን ከፈተች።

ቆርቆሮ።

ቀጭን፣ የተቀዳ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው...

«እመቤት» አለችኝ፤ ባገሩ ቋንቋ፣ እዚሁ እንደተወለደ ልጅ አጥርታ። «እናቴ የታለች?»

ውጭ፣ መንገዱ ጥግ ላይ፣ ማጉያው እንደገና ተከፈተ።

«...ሚሹ አትሸጥም!»

የሰጠኝ፣ እሱ የማያስፈልገውን ነበር፤ የአሮጊቷን ልጅ ድምፅ።

አሁን አሮጊቷ በየቀኑ ትመጣለች። ልጄ ጭኗ ላይ ትተኛለች። በልጄ አፍ «እማዬ» ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ያልተወራው ሁሉ ይወራል። ላባርራት አንድ ሁለቴ ሞክሬያለሁ። «ዛሬን ብቻ ልጄ... ነገ አልመጣም» ትለኛለች። ነገም ትመጣለች።

ዓይኑ ግን የኔ ልጅ ዓይን ነው። አፏ ከአሮጊቷ ጋር ሲስቅ፣ ዓይኗ እኔን እያየ ያለቅሳል።

«እንሂድ» ይለኛል ዶሩ። «አገራችን እንግባ። እባክሽ።»

«ድምፅዋን ጥለን?»

ሻንጣዎቹ ተሸክፈው በሩ ጋ ከቆሙ ወር አለፋቸው። እነሱን እየተሻገርን ነው የምንወጣ የምንገባው።

ሐሙስ ሐሙስ መኪናውን እከተላለሁ። አንድ እጄን የኋላው በር ላይ አሳርፌ። ዶሩ ሮጦ ያልደረሰበት መኪና፣ ለእኔ ቀስ ይልልኛል። ልጄ ትስቃለች፤ እሰማታለሁ። ምን ላድርግ? ሌላ የማገኛት ቦታ የለም።

ባለፈው ሐሙስ ወደማላውቀው ሰፈር ገባን።

አንድ በር ላይ ያልተከፈቱ ካርቶኖች ተደርድረዋል። አዲስ ተከራይ። ደረጃው ላይ ወጣት እናት ተቀምጣለች። ትንሽ ልጇ አጠገቧ ቆሞ፣ ከማጉያው እኩል...

«ፍራሽ... ምድጃ... ፍሪጅ...»

መኪናው ቆመ።

ማጉያው ዝም አለ... ልጁ ብቻውን ቀጠለ።

ሽማግሌው ወረደ።

«እንዴት ያለ የሚያምር ድምፅ ነው!»

ሴትየዋ ፈገግ አለች። ‹የእርስዎ ነው›ን አሳምራ ለማለት ከንፈሯን ስታዘጋጅ አየኋት። አዲስ ናት፤ ያስታውቃል።

መጮህ ነበረብኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን አዲስ ካገኘ የኢሊንካ አያስፈልገውም፤ የማያስፈልገውን ደግሞ ይሰጣል።

ከሽማግሌው ትከሻ በላይ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

እጄ አፌ ላይ ነበር። ጥብቅ አድርጌ።