ሶላር የተነጠፈበት መንገድ

«በጓንት እኮ አይለቅም፤ በጥፍርሽ ነው» አለች ማኤል። ራሷ ግን ከመንገዱ ዳር፣ ደረቁ ሣር ላይ ቆማ ስልኳን ትነካካ ነበር።

ክሎቲልድ በጉልበቷ ተንበርክካ በብረት መፋቂያ የበሰበሰ ቅጠል ከመንገዱ ላይ ትልጣለች። ቅጠሉ ቅጠል መሆኑ ቀርቷል። ጎማ ደቁሶት፣ ዝናብ አርሶት፣ ከዘይትና ከጭቃ ጋር ተቦክቶ እንደ ቀንድ አውጣ ልጋግ የሚዝለገለግ ጥቁር ነገር ሆኗል። መፋቂያውን ስትገፋው እየተጠቀለለ ይነሳል፤ ሲነሳ ደግሞ ይሸታል። አንዱን ገልጣ ስታነሳ ከሥሩ እንደ ወረቀት የተዳመጠ እንቁራሪት ተጣብቆ ወጣ። ቋቅ አላት።

«እሰይ! ምሳሽ መጣ» አለች ማኤል።

ሐሙስ ከሰዓት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ከኦርሜል መንደር መግቢያ ጀምሮ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ተበትነዋል። ከሦስት ዓመት በፊት የዚህ መንገድ ቀኝ ግማሽ በሙሉ የሶላር ሰሌዳ ተለጥፎበታል። መኪና በላዩ ይሄዳል፣ ሰሌዳው ከሥር መብራት ያመነጫል ተብሎ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙትን መቶ ዓመት ያለፋቸው ዛፎች ግን ያማከረ ሰው አልነበረም። እነሱም በየበልጉ ጥላቸውን፣ በየኅዳሩ ቅጠላቸውን ያለ ስስት ያራግፉበታል።

«በርቱ ልጆቼ! ነገ እንግዶቹ ሲመጡ እንዲያብረቀርቅ ነው!» እያለች ሳይንስ አስተማሪያቸው ማዳም ቫሰር በአጠገባቸው አለፈች።

«ማዳም!» አለ አንዱ ከሩቅ፣ «ሶላሩ ነው ለእኛ የሚሠራው ወይስ እኛ ነን ለሶላሩ?»

ሁሉም ሳቁ። ማዳም ቫሰርም ፈገግ አለች፤ ግን ፈጠን ብላ ሄደች።

ክፍል ሲመለሱ ክሎቲልድ እጇን ሦስቴ ታጠበች። ከዚያ ትልቁ የማሳያ ሰሌዳ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ጋ ሄደች። የአንድ ዓመት ሥራቸው እዚያ ላይ ነው። እሷ በየወሩ የአባቷን የከብት በረት ጣሪያ ላይ ያለውን የሶላር ቆጣሪ ታነባለች፤ ማኤል ደግሞ የመንገዱን። ሁለቱንም በካሬ ሜትር አካፍለው ጎን ለጎን ይጽፋሉ። ነገ ከክልሉ የሚመጡት እንግዶች መንገዱ ሌላ ሦስት ኪሎ ሜትር ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን ይወስናሉ። የማሳያ ሰሌዳውን ከወደዱት ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ለሦስት ቀን ፓሪስ ሄዶ ኤግዚቢሽን ላይ ያቀርባል።

የጥቅምት ወር ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ጣሪያ ዘጠኝ ኪሎ ዋት ሰዓት፤ መንገድ ሰባት።

«ማኤል፣ ይሄ ሰባት ከየት መጣ?»

«ከቆጣሪው ነዋ።»

«ቆጣሪውን ዛሬ ስንጠርግ አይቼዋለሁ። ባለፈው ወር አብሬሽ ሄጄ ራሴ ካየሁት ቀንሼ አካፈልኩት። ሁለት እንኳን አይሞላም።»

ማኤል ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አታካብጂ በናትሽ። ሲነጠፍ ያመነጫል የተባለው ሰባት ነው። ወረቀቱን እናቴ ናት የሰጠችኝ። የተሰበሩት የሶላር ሰሌዳዎች ሲጠገኑ ሰባት መግባቱ አይቀርም። እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ ጻፍኩት እንጂ አልዋሸሁም።»

የማኤል እናት የመንደሩ ከንቲባ ናት።

«ትንሽ ቀደም ብለሽ?» አለች ክሎቲልድ። «የሌሎቹንስ ወራት?»

ማኤል የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው፤ አንዷ ስትዋሽ ጆሮዋ እንደሚቀላ ሌላዋ ታውቃለች። የማኤል ጆሮ ቀልቷል።

«ስሚ» አለች ማኤል በመጨረሻ፣ «አንቺ ብታወሪው ማን ይሰማሻል? የመንገዱን ሰሌዳ የሚሰባብረው የአባትሽ ትራክተር ነው እየተባለ፣ ትራክተር በዚህ እንዳያልፍ ሊከለከል ነው እየተባለ፣ አንቺ ብድግ ብለሽ መንገዱ አይሠራም ስትዪ! ‹የትራክተሩ ልጅ ቂሟን ተወጣች› ነው የሚሉሽ። ሼም ነው የምትከናነቢው።»

ክሎቲልድ ፊቷ ጋለ። ነገሩ እውነት ስለነበረበት ይበልጥ አናደዳት። ክልከላው ከጸና አባቷ ማሳው ለመድረስ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር መዞር አለበት።

የማሳያ ሰሌዳውን እንደያዘች ወደ ማዳም ቫሰር ሄዳ ያገኘችውን ነገረቻት። አስተማሪዋ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። አልደነገጠችም፤ ክሎቲልድን የዘገነናት ይኸው ነው።

«ከታች ‹የሚጠበቅ› የሚል ቃል እንጨምርበታለን» አለች፣ «በትንንሽ ፊደል። የሚጠበቅ ቁጥር ውሸት አይባልም።»

«ግን ማዳም፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያነበባችሁትን ብቻ ጻፉ ያሉን።»

«ብያለሁ።» ማዳም ቫሰር እስክሪብቶዋን ከደነችው። «ክሎቲልድ፣ ከእነዚህ ልጆች ግማሾቹ ፓሪስን አይተው አያውቁም። አስቢበት እስቲ፣ የኔ ጎበዝ።» ከዚያም ያንኑ መንገዱ ላይ ያሳየችውን ፈገግታ ፈገግ አለችላት።

‹የኔ ጎበዝ› የሚለው ቃል እንደ ሞቀ ወተት ስልባቦት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ቤት ስትደርስ አባቷ በረቱ ደጃፍ ተሳቢውን በውኃ ያጥባል። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ገና ሳትጨርስ ቱቦውን ጥሎ ጭኑን እየመታ ሳቀ።

«አላልኩም? አላልኩም ወይ! ይሄ ሁሉ ጣሪያ ወደ ፀሐይ አንጋጦ ባዶውን ቆሞ፣ ሶላርን መሬት ላይ አስተኝተው ጎማ ያስረግጡታል! ጣሪያ ላይ ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል፤ መንገድ ላይ ልጆቻችንን አንበርክከው ያስጠርጋሉ። ነገ እንግዶቹ ፊት ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ልካቸውን ይወቁ!»

ፊቱ በርቷል። ክሎቲልድ እንዲህ ደስ ሲለው ካየችው ቆይቷል። ለአፍታ እሷም ደስ ሊላት ነበር። ያኔ ግን መስከረም ላይ የሆነው ትዝ አላት።

በቆሎ ጭነው ሲመለሱ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። መንገዱ ባዶ ነው፤ በግራው፣ በአስፋልቱ መሄድ ይችላል። እሱ ግን መሪውን ወደ ቀኝ አዞረው። ጠርዛቸው የተነሳ ሰሌዳዎች ነበሩ። ያን የሚያህል ጭነት በላያቸው አስኬደና «ስሚው! ስሚው! እንደ ብስኩት!» አለ። አራት ጊዜ ቀጭ አለ። እሷም ሳቀች። ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው።

«አባዬ፣ የመስከረሞቹን አራቱንስ?»

«የትኞቹን አራት?»

«አውቀህ የሄድክባቸውን።»

አባቷ ቱቦውን አነሳ። ንጹሑን ጎማ እንደገና ያጥበው ጀመር። «እነሱ መሰበራቸው መች ይቀር ነበር? እኔ ትንሽ ቀደም አልኩ እንጂ።»

ክሎቲልድ ጆሮዋን አላመነችም። ቃሉ ሳይቀር የማኤል ነበር። እዚያ ቆማ፣ ከበረቱ የሚወጣው የእበት ሽታ፣ የሚንጠባጠበው ውኃ፣ የአባቷ ጀርባ፣ ሁሉም አንድ ላይ አንገሸገሻት። ከሁሉም በላይ ያንገሸገሻት የገዛ ሳቋ ነበር።

ያን ዕለት ራት አልበላችም። «አሞኛል» አለች፤ ውሸትም አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ክፍል ገባች። ማሳያ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከታች፣ አጎንብሰው ካላዩት የማይነበብ ‹የሚጠበቅ› የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ በሠንጠረዡ ላይ ለጠፈችው። በእጇ የተጻፈ ነው። የጥቅምት፦ ጣሪያ ዘጠኝ፤ መንገድ አንድ ነጥብ ስምንት። የሌሎቹን ወራት የመንገድ ቁጥር ባዶ ትታዋለች፤ እሷ ራሷ አላነበበቻቸውም። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። ‹ስንጠርግ የቆጠርኳቸው የተሰበሩ ሰሌዳዎች፦ ሃያ ሦስት። ከነዚህ አራቱ ሆን ተብሎ በትራክተር ሲሰበሩ አይቻለሁ። ሌሎቹ በምን እንደተሰበሩ አላውቅም።›

ማኤል ስትገባ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። «ያምሻል እንዴ?» ብላ ወረቀቱን ልትገነጥለው እጇን ሰደደች። ከዚያ የመጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄን አባትሽ ያውቃል?»

«ቁርስ ላይ ነገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ዳቦውን ትቶ ወጣ።»

ማኤል ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

አራት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ገቡ። ማዳም ቫሰር ከፊት ከፊት እየሄደች ስለ ፀሐይ፣ ስለ ነገው ትውልድ፣ ስለ መንደሪቱ ኩራት ታወራለች። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል። ከኋላ የቀረች አንዲት አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ግን መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣ አፍንጫዋ ሰሌዳውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ታነባለች።

«ይቅርታ» አለች ሴትየዋ። «እዚህ ጋ ‹አይቻለሁ› ይላል። ያየው ማነው?»

ማዳም ቫሰር ዘወር አለች። ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን ያየችው። አንገቷ ላይ ቀይ ነገር ወጣ፤ ፈገግታዋ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። «እሱን ይለፉት፤ ልጆቹ የሞነጫጨሩት ረቂቅ ነው። ዛሬ ይነሳል።»

ሃያ አራት ልጆች ወደ ክሎቲልድ አዩ። ማዳም ቫሰርም አየቻት፤ ዓይኗ እየለመነ ነበር። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። መንገዱም፣ ፓሪስም፣ አባቷም በየቦታቸው ይቀመጣሉ።

ክሎቲልድ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች።

«ረቂቅ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «ያየሁት እኔ ነኝ። ትራክተሩ የአባቴ ነው።»