ያልተጸለየለት ባቄላ

መነጽሩን ያየችው ጭብጨባው ከጀመረ በኋላ ነው።

በእናቷ ስልክ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታክለው የዘጠነኛው ቀን ፎቶ አሁን የአዳራሹን ግድግዳ ሞልታዋለች። «ለ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የቲማቲም ቆርቆሮ፣ ከውስጡ ቀና ያለ የባቄላ ችግኝ፣ ከጎኑ ማስመሪያ። ከማስመሪያው ጀርባ ደግሞ አንዱ ዘንጉ በጥቁር ክር የተጠመጠመ መነጽር።

የአያቷ መነጽር ነው። አያቷ አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ለየሥራው የየራሱ መነጽር አላቸው፤ አንዱ ለጋዜጣ፣ አንዱ ለመንገድ። ይኼን ባለ ክሩን ግን የሚያደርጉት የጸሎት መጽሐፋቸውን ሲያነቡ ብቻ ነው። ቆርቆሮ «ለ» ደግሞ ማንም እንዳይጸልይለት ተብሎ የተደበቀው ቆርቆሮ ነበር።

«ማስ-ረጃ! ማስ-ረጃ!» ይላል የኋላው ረድፍ እግሩን እየደበደበ። ቅጽል ስሟ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለች የታሪክ መምህሩን «ቲቸር፣ ማስረጃው ምንድን ነው?» ብላ ከጠየቀች ጀምሮ በሌላ ስም የጠራት የለም።

የክርክሩ ርዕስ «በሳይንስ ሊፈተን የማይችል ነገር ሊታመን አይገባም» የሚል ነበር። ደጋፊዋ እሷ፣ ተቃዋሚው የዘጠነኛ «ለ» ክፍሉ ሰባኪው። ሰባኪው ያሉት ድምፁ ስለሚያምርና ሲናገር ዓይኑን ስለሚጨፍን ነው። ዛሬም ጨፍኖ፣ «እህቴ፣ እናትሽ ምን ያህል እንደምትወድሽ በማስመሪያ ለክተሽ ታውቂያለሽ?» ሲላት አዳራሹ ለእሱ አጨብጭቦ ነበር። እሷም ፎቶዎቹን በፕሮጀክተር አስበራች፤ ግድግዳው ላይ በተራ ይዞሩ ጀመር።

ሙከራው ቀላል ነው። ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ባቄላዎች፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ በሳል ሽሮፕ ክዳን እኩል የተለካ ውሃ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ሁለት መስኮቶች። ቆርቆሮ «ሀ» አያቷ ጠዋት ጠዋት በሚጸልዩበት በሳሎኑ መስኮት ላይ ተቀመጠ። «አባባ፣ ለዚህች ባቄላ በየቀኑ ይጸልዩላት» አለቻቸው። ቆርቆሮ «ለ» እሷ ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ስለ እሱ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በአሥራ አራተኛው ቀን «ሀ» አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር፣ «ለ» አሥራ ስምንት ተኩል ሆኑ።

«እንደምታዩት፣ ማንም ያልጸለየለት በግማሽ ሴንቲሜትር ይበልጣል» ብላ፣ «ምናልባት ጸሎት ያሳጥር ይሆን?» አለች።

ያኔ ነው አዳራሹ የፈነዳው። ሰባኪው ራሱ ፈገግ አለ። እሷ ግን ወደ ግድግዳው እንደዞረች ቀረች።

አያቷ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። እዚያ ያስቀመጠቻቸው እናቷ ናት፤ «እሳት ቢነሳ መውጫው ይቅረበን» ብላ። ሁሉም ሲያጨበጭብ አያቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ።

የባዮሎጂ መምህሩ መድረኩ ላይ ወጥቶ እጇን ጨበጣት። «አንደኛ! ነገ ጠዋት የሙከራሽን ፖስተር ይዘሽልኝ ነይ፤ ያቺን የተቀደደች ጠርዝ ለጥፊያት። በሰልፍ ላይ ለመላው ትምህርት ቤት ታቀርቢዋለሽ፤ ከዚያ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ይላካል።»

«ቲቸር...»

«ምነው?»

«ምንም» አለች።

*

በር ላይ የክፍል ጓደኛዋ ሬዲዮ ጠበቀቻት። ሬዲዮ የተባለችው ስለማትዘጋ ነው።

«ፍሬንድ፣ ጨረስሽው እኮ! ‹ጸሎት ያሳጥር ይሆን›... ከየት አመጣሻት?»

«ፎቶው ላይ መነጽር አለ።»

«የምን መነጽር?»

ነገረቻት። ሬዲዮ ሰማች፣ ከንፈሯን ጠመዘዘች፣ ከዚያ ሳቀች።

«ኧረ አታካብጂ! ረስተውት ይሆናላ። ሽማግሌ መነጽሩን የማይረሳበት ቦታ አለ እንዴ? የእኔ አባት ፍሪጅ ውስጥ ነው ያገኘው።»

«ክፍሌ ውስጥ ምን ሊሠሩ ገቡ?»

«እሺ ገቡ። ማን አየ? ሁለት መቶ ሰው ተቀምጦ ማንም አላየም። አንቺ ዝም ካልሽ መነጽሩም ዝም ይላል።»

ያኔ ከግቢው ውጪ ሳቅ ተሰማ። አራት የአሥረኛ ክፍል ልጆች ሰባኪውን ከበውታል።

«ሰባኪው! እናትህን ከጸሎትህ አውጣትማ! በግማሽ ሴንቲም ይሻላታል!»

ሰባኪውም አብሯቸው ሳቀ። ሳቁ ግን አላልቅ ብሎት፣ እነሱ ከተዉ በኋላ ብቻውን ጥርሱን እንዳሳየ ቆመ። ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ከዚያ ደግሞ መለሰው። እናቱ ሆስፒታል ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ እንደሆነ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። መድረክ ላይ አንዴም አላነሳትም። ቢያነሳት ኖሮ ግማሹ አዳራሽ ያለቅስለት ነበር።

ቀልዷ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአዳራሹ ወጥቶ እዚህ ደርሷል።

«ነይ እንሂድ» አለች ሬዲዮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

*

እናቷ ቤት ስትገባ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታሸተው ጋዝ ነው። አሸተተች፣ ምድጃውን ነካች፣ ከዚያ ነው ልጇን ያቀፈቻት።

«አንደኛ! የኔ እናት! ግን ያ የድምፅ ማጉያ ሽቦው ተልጦ አየሽው? ቢይዝሽስ ብዬ ልቤ ቆሞ ነው ክርክሩ ያለቀው።»

«አባባ የት ናቸው?»

«ጓሮ። ቀድመውኝ ነው የገቡት፤ ከአዳራሹ ከወጣን ጀምሮ ቃል አልወጣቸውም። ደሞ ልባቸውን አሟቸው እንዳይሆን።»

አያቷ ጓሮ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የድሮ የጠረጴዛ ሰዓት ፈታተዋል። ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ ነው፤ ብሎኖቹ በሻይ ሳህን ላይ በመጠን በመጠን ተደርድረዋል።

«አባባ፣ እኔ ክፍል መስኮት ላይ ያለውን ባቄላ ያውቁታል?»

አያቷ መፍቻውን አስቀመጡ።

«አውቀዋለሁ።»

«ጸልየውለታል?»

«በየቀኑ።»

ቆማ የነበረችው ልጅ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሦስተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ መስኮትሽን ልዘጋ ገብቼ አየሁት» አሉ አያቷ። «ከመጋረጃ ጀርባ። የሳሎኑን በአደራ ሰጥተሽኛል፤ ይኼ ግን ባለቤት የለውም። ልጅ ናት፣ ረስታዋለች አልኩ። የተረሳ ነገር ደግሞ አያስችለኝም። ለሳሎኑ አንድ ጊዜ ስጸልይ ለእሱ ሁለት ጊዜ እጸልያለሁ።»

«ሁለት ጊዜ!»

«አንድ ቀንም አፈሩ ደርቆ ስላየሁ ውሃ ጠብ አድርጌበታለሁ። ትንሽ ናት።»

«ውሃም?!» ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «አባባ፣ እንዲረሳ ብዬ እኮ ነው የደበቅኩት! የሙከራው ሥራ እሱ ነው፤ አንደኛው ምንም ማግኘት የለበትም።»

«እሱን ዛሬ ነው የሰማሁት። ‹ማንም ያልጸለየለት› ስትዪ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ልነሳ አልኩ። ከዚያ ያን ሁሉ ሰው አየሁና... አንቺን ማዋረድ ሆነብኝ። ተቀመጥኩ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቀመጤም ልክ አይደለም።»

ልጅቷ ከሳህኑ አንድ ብሎን አንስታ መለሰችው።

«ግን ምን ብለው ነበር የሚጸልዩት? እንዲረዝም?»

«ባቄላን? ባቄላ መርዘም የኔን ምክር ይፈልጋል?» አያቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «የልጄ ሥራ ይሳካላት ነው ያልኩት።»

ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ጸሎት ምንም እንደማይሠራ የሚያሳይ ሙከራ እንዲሳካ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። አያቷም ገባቸውና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እሜቴ ሳይንስ፣ ተሳካልሽም አልተሳካልሽም?»

«አልተሳካም! ማለት፣ አንደኛ ወጥቻለሁ... ግን አባባ፣ ይኼ ለእርስዎም ማስረጃ አይሆንም፤ እሺ? ውሃ አጠጥተውታል።»

«ማን ማስረጃ ጠየቀሽ? እኔ ከጸለይኩ በኋላ ማስመሪያ ይዤ አልመጣም።»

በዚህ ጊዜ እናቷ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች፤ እጇ ላይ ያለው ፎጣ ተጠምዝዞ ገመድ ሆኗል።

«ስሚ ልጄ፣ ይኼን ነገር እዚሁ እንተወው» አለች። «ብትናገሪ ምን እንደሚሉ ላውራሽ? ‹አጭበርብራ ነው ያሸነፈችው› ነው የሚሉት። መምህሩ ይቀየማል። ከውድድሩ ያወጡሻል። ስም አንዴ ከወጣ ደግሞ ማን ይመልሰዋል? ባቄላ ነው፤ ሰው አልሞተ።»

«ሰው አልሞተም» አለች ልጅቷ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው በቀስታ ነው። «የዘጠነኛ ‹ለ› ክፍሉ ልጅ፣ የተከራከረኝ፣ እናቱ ሆስፒታል ናት። ልጆቹ በኔ ቀልድ እየቀለዱባት ነው።»

እናቷ ፎጣውን መጠምዘዝ አቆመች።  ሆስፒታል የሚል ቃል በዚህ ቤት ውስጥ በዋዛ አይነሳም።

አያቷ ሰዓቱን አንስተው ወዘወዙት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ አሥር ጊዜ ያህል መታና ቆመ።

«ይኼን ለባለቤቱ ዛሬ ብሰጠው ደስ ብሎት ይወስደዋል» አሉ። «እየመታ ነው የሚረከበው።» ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ መፍቻቸውን አንስተው የኋላ ክዳኑን እንደገና መፍታት ጀመሩ።

*

ከእራት በኋላ ፖስተሩን የሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋችው። የተቀደደውን ጠርዝ ለጠፈች። ግርማ ያለው ፖስተር ነው፤ በሁለት ቀለም የተሠራ ግራፍ፣ አሥራ አራት ፎቶዎች፣ ከላይ «ጸሎትና ባቄላ፦ ሳይንሳዊ ሙከራ» የሚል ርዕስ። የዘጠነኛው ቀን ፎቶ ላይ ጣቷን አደረገች። እዚህ ላይ መነጽሩ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ሬዲዮ ልክ ናት፣ ማንም አያየውም። በአውራ ጣት መሸፈንም ይቻላል፤ ሸፈነችው። ከዚያ ጣቷን አነሳች።

በእስክሪብቶ ልትጽፍ ጀምራ ተወችው። ከኋላ ረድፍ አይነበብም። ቀይ ማርከሩን አመጣች።

መነጽሩን ከበበችው። ከግራፉ በታች ባለው ክፍት ቦታ ላይ ደግሞ፣ ከርዕሱ በሚበልጥ ፊደል እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ቆርቆሮ ‹ለ›ም ተጸልዮለታል። ውሃም ተጨምሮለታል። ይህ ሙከራ ስለ ጸሎት ምንም አያሳይም፤ በአንድም በሌላም በኩል።» ትንሽ አሰበችና «ስህተቱ የኔ ነው፤ አልጠየቅኩም» የሚል ጨመረች። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ቦታ ስላነሳቸው ተጨናንቀው ተጠማዘዙ።

እናቷ ከኋላዋ መጥታ አነበበችው። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«በቀይ?» አለች በመጨረሻ።

«በቀይ።»

«ወይ ጉድ።» ተቀመጠች። ተነሳች። «ነገ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?»

«አንድ ሰዓት ሳይሞላ። ከሰልፉ በፊት የማናግረው ልጅ አለ።»

«ያ ልጅ?»

«እሱ። ቀድሞ ከኔ ይስማው። ሰልፉ ላይ ድንገት ከሚሰማው።»

«ቢቆጣሽስ? ወይ ቢስቅብሽ? ‹ይኸው፣ ጸሎት ሠራ› ቢልስ?»

«ቢል ይበል። ውሃውን እነግረዋለሁ።»

 እናቷ ወጥ ቤት ገብታ የምሳ ዕቃ ስታንኳኳ ቆየችና «ለማለዳው ዳቦ እጠቀልልልሻለሁ» አለች ከውስጥ። «ለሁለት ይበቃል። ሆስፒታል የሚመላለስ ልጅ ቁርስ አይበላም።»

ልጅቷ ፖስተሩን ጠቅልላ በላስቲክ አሰረችውና በሩ ሥር አቆመችው።

በዚህ ቤት በሩን የሚቆልፉት አያቷ ናቸው። እናቷ ደግሞ አታምናቸውም፤ ሁልጊዜ «ተቆለፈ?» ብላ ትጠይቃለች፣ እሳቸው «ተቆለፈ» ይላሉ፣ እሷም በካልሲዋ መጥታ እጀታውን ሁለት ጊዜ ትስባለች። አያቷ «እኔን ካላመንሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ?» ማለትን ከተዉ ዓመታት አልፈዋል።

ዛሬ ግን በሩ እምቢ አለ። አያቷ ገፉት፤ አልገጠመም። እንደገና ገፉት።

«ምን ሆነ? ተሰበረ?» አለች እናቷ ከወጥ ቤት። «ሌባ የነካካው እንዳይሆን!»

«ሌባ አይደለም፤ ሳይንስ ነው» አሉ አያቷ። የተጠቀለለው ፖስተር ተንሸራቶ አንድ ጫፉ በበሩና በመቃኑ መካከል ገብቷል።

ልጅቷ አጎንብሳ አወጣችው። ጫፉ ትንሽ ተጨፍልቋል እንጂ አልተቀደደም። ከበሩ ወዲህ፣ ጫማዋ ላይ አጋደመችው፤ ነገ ጠዋት እሱን ሳታነሳ ጫማዋን ማድረግ አትችልም።

አያቷ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞሩት። እናቷ በካልሲዋ መጣች። እጀታውን ሳበች፤ አንዴ፣ ከዚያ ሌላ ጊዜ።

በሩ አልተነቃነቀም።