ሚዜ ያጠፋው ካርድ

«ጥቁር ካልሲ አለህ?»

«ያለኝ ግራጫ ነው።»

«ግራጫ ለጉዞ አይሆንም።»

«አድርገህ ሳታየው አታማው።»

የይለፍ ቃሉ ተሟላ። ካልሲ ሻጩ በመናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከደረደራቸው ካልሲዎች አንዱን ጥንድ አንስቶ ዘረጋለት። ሚዜ ጨርቁን የሚፈትሽ መስሎ እጁን ውስጡ ከተተ። እጁ ባዶውን ወጣ። ቴምብር የምታክለዋ የካሜራ ካርድ ካልሲው ውስጥ ቀረች።

ሚዜ የእውነት ስሙ አይደለም። የስለላ መሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ በሽፋን ሥራው የሰርግ ፎቶ አንሺ ስለሆነ አለቃው አባወራ ያወጣለት የሥራ ስም ነው። አባወራ ስሙን ባወጣለት ቀን ብቻውን ከት ብሎ ስቆ ነበር።

ካልሲ ሻጩ ጀርባውን ሰጥቶ ካርዱን በትንሽ ማንበቢያ ስልኩ ላይ ሰካ። ተቀባይ ሳያረጋግጥ አይንቀሳቀስም፤ ደንቡ ነው።

«ባዶ ነው።»

«ምን?»

«ባዶ ነው አልኩህ። አንድም ፎቶ የለበትም።»

ሚዜ የቀኝ አውራ ጣቱን አየው።

ትናንት የአንድ መሣሪያ ነጋዴ ልጅ ሰርግ ነበር። ሰውየውን ሁሉም ባለመጋዘኑ ይለዋል። ድግሱ ሲሟሟቅ ባለመጋዘኑ ጥቂት ሰዎችን ይዞ ጓሮ ክፍል ገባ። ከነሱ መካከል የመሥሪያ ቤቱን ሰላዮች እየሸጠ ያስገደለው ከሃዲ አለ፤ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሚዜ ካሜራውን ከበሩ በላይ ባለችው የአየር መግቢያ አሾልኮ፣ ራሱ ምንም ሳያይ፣ በሁለተኛ ካርድ ላይ ደጋግሞ አነሳ። ከዚያ ወደሚሠራበት ስቱዲዮ ተመለሰ። የሰርጉን ካርድ አውጥቶ ገለበጠ። ካሜራውንም ከማስረከቡ በፊት ውስጡ የቀረውን ካርድ ፎርማት አደረገው። በዚያ ስቱዲዮ ካርድ ሳያጸዳ ካሜራ የሚያስረክብ ሰው የባለቤቷን የእትዬን ምላስ አይችለውም። ወራት ሙሉ ያደረገውን ነገር ጣቱ ጭንቅላቱን ሳያማክር ደገመው። አስመስሎ የገባበት ሥራ የምር ሥራው ሆኖ አረፈው።

ቀልድ አይደለም። ወሬው እንደደረሳቸው፣ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሃዲው ለባለመጋዘኑ አንድ የቀረ ስም ይነግረዋል። ስሙ የመርፌ ነው። መርፌ እዚያው ባለመጋዘኑ ቤት ልብስ ሰፊ ሆና የገባች፣ ሚዜ ራሱ ያሠለጠናት ልጅ ናት። እህት የለውም፤ እሷን እህት አድርጓታል። ከቤቱ እናውጣት ሲል አባወራ ከልክሎታል። «እሷ ከወጣች ከሃዲው ይነቃል። መጀመሪያ ፊቱን አምጣልኝ» ነበር ያለው።

ካልሲ ሻጩ ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ።

ድምፅ አልወጣውም።

አንገቱ ድምፁ ባልተሰማ ጥይት ተበስቶ ነበር። ግራጫ ካልሲዎቹ ላይ ተደፋ፤ ግራጫው ቀላ።

ሚዜ ካርዱን ከስልኩ ላይ መንጭቆ እግሬ አውጪኝ አለ። ሴቶች ጮኹ፣ ሻንጣ ተገለበጠ፣ አንድ ሾፌር «ኧረ ሰው ሞተ!» እያለ ተቃራኒ አቅጣጫ ሮጠ። ከኋላው አንድ ባለጃኬት ሰው ሽጉጡን ጨርቅ ጠቅልሎበት ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣ። ሚዜ በቆሙት አውቶብሶች መካከል ገባና ከአንደኛው ሥር ተንከባለለ።

ጫማዎቹ ቀረቡ። ቆሙ።

ሚዜ የሰውየውን ቁርጭምጭሚት ይዞ ጎተተ።

ባለጃኬቱ በአገጩ ወደቀ፤ ሽጉጡ ተንሸራቶ አውቶብሱ ሥር ጠፋ። ሚዜ ለሽፋን ትከሻው ላይ ባንጠለጠለው ካሜራ ፊቱን መታው። ሌንሱ ተሰበረ። ደገመው። ጥርሱ ተሰበረ።

«ማነው የላከህ?»

«ካርዱን... ካርዱን አምጡ ነው የተባልነው» አለ ሰውየው ደም እየተፋ። እጁ ግን ወደ ቦት ጫማው እየሄደ ነበር። ጩቤው ብልጭ ሲል ሚዜ የካሜራውን ማንገቻ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ጀርባውን በጉልበቱ ተጫነው። የሰውየው እግሮች አስፋልቱን ፋቁ። ፋቁ። ተዉት።

ሚዜ ማንገቻውን ፈትቶ ተነሳ። ሰው መግደል ይለመዳል የሚሉትን አያምናቸውም።

የፖሊስ ፊሽካ ሲሰማ ሽጉጡን ለመፈለግ ጊዜ አልነበረውም። በአውቶብስ ማጠቢያው ቦታ አቋርጦ ወጣና ከአንድ ግንብ ጥግ ሆኖ አባወራ ጋ ደወለ።

«ካልሲ ሻጩ ሞቷል።»

«አንተስ?»

«አለሁ። ካርዱ ግን ባዶ ነው። በስህተት አጥፍቼዋለሁ።»

በስልኩ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«አይዞህ ልጄ። የሰው ልጅ ይሳሳታል። አሁን ካርዱን ሌላ ካሜራ ውስጥ ክተተውና እስኪሞላ ድረስ አንሳበት። ግድግዳም ይሁን ሰማይ፣ ያገኘኸውን አንሳ። ከዚያ ጣለውና ወደኔ ና።»

«እሺ ጌታዬ።»

ስልኩን ዘጋ። ግንቡን ተደግፎ ቆመ።

ባዶ ካርድ ለምን ይሞላል? የተደመሰሰ ካርድ ላይ አዲስ ፎቶ የሚነሳው አሮጌው ዳግም እንዳይገኝ ለማድረግ ነው። አባወራ ይህን ካወቀ፣ ፎቶዎቹ ገና እንዳልሞቱም ያውቃል። ካልሲ ሻጩ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁትም ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ራሱ ሚዜ ነው። ሦስተኛውን ማሰብ አቃተው። አባወራ ሚዜን ከሕፃናት ማሳደጊያ አውጥቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ ሰው ያደረገው ሰው ነው። ካርዱን ጨብጦ ወደ ስቱዲዮው ገሠገሠ።

እትዬን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን ስትፈልግ አገኛት።

«አንተ ልጅ! ይሄ ልብስህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ወድቄ ነው። እትዬ፣ ጉድ ሠርቻለሁ። የትናንቱ ሰርግ... ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር የተነሳችው በሙሉ እዚህ ካርድ ላይ ነበር። ሳልገለብጥ ፎርማት አደረግኩት።»

እትዬ ደረቷን ደቃች። «ከእናቷ ጋር? በቁሜ ቅበረኝ እንጂ! እናትየዋ ምን ልትለኝ ነው?» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ቆይ። ከዚያ በኋላ አንድ ፎቶ እንኳ አንስተህበታል?»

«አንድም አላነሳሁም።»

«ተመስገን። እንግዲያው አሉ። ካርዱ የረሳው የት እንዳስቀመጣቸው ነው እንጂ እነሱስ እዚያው ተኝተዋል። አምጣ ወዲህ።»

በካርዱ ጎን ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች ገፋቻት፤ ኮምፒውተሩ በስህተት አንዳች ነገር እንዳይጽፍበት። ሰካችው። የፍለጋውን ፕሮግራም አስነሳች። እጆቿ ዳቦ እንደምታቦካ ሴት እጆች ልበ ሙሉ ነበሩ። «ከኔ ስቱዲዮ የሰው ሰርግ ጠፍቶ አያውቅም፣ ዛሬም አይጠፋም። ሂድ ፊትህን ታጠብ፣ ሰው ያስፈራል።»

እውነቱን ሊነግራት ፈለገ። ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። አልነገራትም።

ከመጋረጃው ጀርባ ቧንቧ ከፍቶ ደም ሲያጥብ የበሩ ደወል ጮኸ።

«የመታወቂያ ፎቶ ነበር» አለ አንድ ድምፅ።

የአባወራ ድምፅ።

ሚዜ በመጋረጃው ስንጥቅ አየ። አባወራ በኮቱ፣ ከጎኑ ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ። ሚዜ ሲዘገይበት አባወራ ወደዚህ እንደሚመጣ መገመት ነበረበት። ዙሪያውን አማተረ። ያገኘው የጀርባ መጋረጃ የሚሰቀልበትን የብረት ዘንግ ነው።

«ጥቂት ይታገሱኝ አባቴ» አለች እትዬ። «ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ነው።»

«ምን እየሠራ ነው?»

«የጠፋ ሰርግ እየፈለገ።»

«ዝጊው።»

«ምን አሉኝ?»

ጎረምሳው ሽጉጥ አወጣ። እትዬ ሌቦች መሰሏት። «ካሜራዎቹን ውሰዱ! ያው መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ ሁሉንም ውሰዱ! ይሄን ግን አትንኩት፣ የሰው ሰርግ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው!» አለችና ኮምፒውተሩን በሁለት እጆቿ አቀፈችው።

ሚዜ መጋረጃውን በጥሶ ወጣ።

ዘገየ።

ጥይቱ በእትዬ ጎን ገባ። ዘንጉ ከዚያ በኋላ የጎረምሳው እጅ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ቀጭ አለ። ሁለተኛው ምት ጆሮ ግንዱን አገኘው። ጎረምሳው የመብራቶቹን ማቆሚያ ይዞ ወደቀ። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር። ሚዜ ግን መታው፤ ደሙ ፈልቶ ነበር።

«በቃ ልጄ።»

አባወራ የራሱን ሽጉጥ ደረቱ ላይ ደግኖበታል። ፊቱ አልተቆጣም። የደከመ ፊት ነው።

«ካርዱን ስጠኝና መርፌን ይዘህ ሂድ። አልከተልህም።»

«ማነው የሸጣት?»

«ገና አልሸጥኳትም።»

«ገና!»

«አትጩህብኝ። ከማሳደጊያ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ጫማህን የገዛሁልህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ» አለ ሚዜ፤ ድምፁ ተሰበረ። «አባቴ ነበሩ።»

ይህን ሲል ግራ እጁ ከጀርባው የትልቁን የፎቶ ፍላሽ መብራት ቁልፍ አግኝቶ ነበር።

ክፍሉ ነጭ ሆነ።

ጥይቱ ጣሪያውን በሳ። አባወራ ዓይኑን በክንዱ ሸፍኖ ተንገዳገደ። ሚዜ መታው። ጉልበቱን፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ራሱን። እያለቀሰ ነበር የሚመታው። ዘንጉ እስኪጣመም መታው።

አባወራ ከወደቀበት አልተነሳም።

እትዬ ወለሉ ላይ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ርሷል። ሚዜ ተንበርክኮ ቁስሏን በመዳፉ ጨመቀው፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ወጣ። ሆስፒታሉም ሩቅ ነበር።

«ሌቦቹ ሄዱ?»

«ሄደዋል።»

«ተገኘ?»

ሚዜ ቀና ብሎ አየ። ስክሪኑ ላይ ፎቶዎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ነው። ግማሹ ግራጫ የሆነ። የተቆረጠ። ቀጥሎ አንድ ጥርት ያለ፤ ጠረጴዛ፣ ብርጭቆዎች፣ ባለመጋዘኑ፣ እጁን ባለመጋዘኑ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ አፉን ሞልቶ የሚስቅ አባወራ።

«ተገኝቷል እትዬ። ሙሽራዋም፣ እናቷም። እንዴት እንደሚያምሩ!»

«አላልኩህም?» አለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ሄደች።

ዓይኖቿን ከደነላት። ከዚያ ሥራውን ሠራ፤ ሌላ ምን ያደርጋል። የስክሪኑን ምስል በስልኩ አንስቶ ከአባወራ በላይ ላለችው፣ አክስት ለሚሏት ሴት ላከው። ፎቶው ባይኖር ኖሮ አለቃውን የገደለ ከሃዲ እሱ ይሆን ነበር፤ የመርፌንም ነገር የሚሰማው አያገኝም ነበር። መልሱ ወዲያው መጣ።

«ታይቷል። መርፌን አውጣ።»

መርፌ ጋ ደውሎ የመውጫውን ምስጢር ቃል ተናገረ። «ደንበኛዋ ቀሚሱ ጠቦኛል ብላለች።»

«እሺ ጋሼ» አለች ድምፅዋ ሳይለወጥ። «ክር ልገዛ ወጥቼ ሳልፍ አየዋለሁ።»

ፀሐይ ሕንጻዎቹ ጫፍ ላይ ሳለች መርፌ የክር ከረጢቷን ይዛ ከባለመጋዘኑ የጓሮ በር ወጣች። ዘበኛው ቀልድ ጣል አደረገላት፤ እሷም መለሰችለት። ማዕዘኑን ስትዞር ሚዜ ወደሚጠብቅበት መኪና ገባች። ሚዜ መኪናውን አስነስቶ ከሰፈሩ ራቀ።

«ጋሼ፣ ደም ነው እኮ ያለብህ። የማን ነው?»

«የእትዬ፣ የስቱዲዮዋ ባለቤት። ሞተች።»

መርፌ አፏን በእጇ ያዘች። «ማን እንደሆንክ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አታውቅም። የሰው ሰርግ ያዳነች ነው የመሰላት።»

መርፌን ድንበር አሻግረው ሸኟት። እሷ ስትድን ሚዜ አብሯት መደሰት ነበረበት፤ አልቻለም። ጋዜጣው ሌቦች አንዲት የስቱዲዮ ባለቤት ገድለው እርስ በርስ ተጫረሱ አለ። ቀብሯ ላይ ልገኝ ብሎ አክስትን ለመነ። «የማን ዘመድ ነኝ ብለህ?» አለችው። ሳይሄድ ቀረ።

አሁን ከባለመጋዘኑ ሰዎች ተሸሽጎ ራቅ ባለ ከተማ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ አሸዋ ይዝቃል። ሌላ ስም አለው፣ ጢም አሳድጓል። ሠራተኞቹ ዝምታውን አይተው ዲዳው ይሉታል። አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ላይ ተሰብስበው ተደርድረው ስልክ ዘረጉለት።

«ና አንተ፣ አንሳን።»

«አልችልበትም።»

«ምን ይቸግራል፣ ይቺን ነካ ማድረግ ነው!» አንዱ ጣቱን ይዞ አሳየው።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አየ። አንዲት እርምጃ ወደ ግራ ቢቆሙ ፊታቸው እንደሚበራ አወቀ። ምንም አላለም። ስልኩን አዘንብሎ፣ ጭንቅላታቸውን ከፎቶው ቆርጦ አነሳቸው። ሲያዩት በሳቅ ፈረሱ።

«እንኳን ፎቶ አንሺ አልሆንክ!»

እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ አካፋውን አንስቶ ወደ አሸዋው ሄደ።